ኮቴ

በርባንክ፣ ካሊፎርኒያ፤ ከምሳ በኋላ፣
መጋረጃ ስስብ፣ ሲሞላ በጥላ
የጡረተኞቹ ቤት፣ ሰፊው አዳራሹ፣
በጋሪ ወንበር ላይ ሆነው እየሸሹ
ከመስኮቱ ጸሐይ፣ ይሰበሰባሉ፤
«የዛሬውስ ፊልም ጭፈራ አለው?» ይላሉ።

«አለው» እላለሁ። መች ጠፍቶት ያውቅና!
ሰማዩ ሸራ ነው፣ ኮከቡ አምፖል፤ ገና
ሲጀምር ታውቃለህ አጨራረሱን፤
ልጁ ልጅቷን ነው፣ ልጅቷም እሱን።
መሀል ላይ ጥል አለ፣ በተሳሳተ ፖስታ፤
እርቁ በአፍ አይደለም፣ በጫማ ጫጫታ።

ይገርማል፤ ከነሱ አንድ የሚንቀው የለም
ይህን የሸራ ሰማይ፣ ይህን የአምፖል ዓለም።
ሚስተር ሃቨርካምፕ እንኳ፣ ዳሌው በብሎን ታስሮ፣
በወንበሩ ክንድ ላይ በሁለት ጣት ከበሮ
ይመታል። ኦዴታ፣ ልጇን የረሳችው፣
ዜማውን ከቫዮሊን ቀድማ ጨረሰችው።

ቬልማ ክራቺክ ግን ከኋላ ነው ቦታዋ፤
ዘጠና አንድ ዓመቷ፣ ቀጥ ያለ ትከሻዋ።
ፊልሙን አታየውም። ዓይኖቿን ጨፍና
ትሰማለች ብቻ፣ አንገቷን አቅና።
ያቺ ውብ በብር ቀሚስ ደረጃውን ስትወርድ፣
ጣ-ጣ-ጣ ሲል ጫማው፣ አዳራሹ ሲርድ፣
ቬልማ ቀስ ብላ «የኔ ነው» ትላለች።
«እግሩ የኔ ነው» ትላለች።
ማን ይስማት? አርጅታለች።

አንድ ሌሊት ታዲያ፣ ክኒኗን ይዤላት
ብሄድ፣ ነገረችኝ፤ እንቅልፍ አልመጣላት።

«ጭፈራው ሲቀረጽ ድምፁ አይያዝም ነበር፤
ዳይሬክተሩ ሲጮኽ፣ ካሜራው ሲሽከረከር፣
ምን ይሰማል ብለህ? ኮቴው ከወር በኋላ፣
በጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ባንዲት ሳንቃ ጣውላ፣
ይሠራል። እዚያ ነኝ፤ ሱሪና የወንድ ሸሚዝ፣
በጆሮዬ ማዳመጫ፣ እግሬ እስኪደነዝዝ፣
እሷ በሸራው ላይ ስትራመድ እያየሁ
የረገጠችውን ሁሉ እረግጣለሁ።
ሰባት ዶላር በቀን። ስሜ አልተጻፈም።
እሷ ክፉ አይደለች፤ እኔም አልከፋኝም።
አንዴ ብርቱካን ላከችልኝ፣ ሙሉ ሣጥን፤
ከእህቴ ጋር በላን፣ ሆዳችን እስኪቆጣን።

«ግን ስማኝ አንድ ነገር። ስድስተኛው ደረጃ
ላይ፣ እግሯ አዳለጣት። ታየ ወይ? እኔ እንጃ፤
ፊልሙ ውድ ነበረ፣ ዳግመኛ አላነሱትም፤
እኔም እንደ ስህተት ዝም ብዬ አልተውኩትም፤
አንዲት ትርፍ ምት ጨመርኩ፣ በተረከዝ፣ በቀስታ፤
መንሸራተቷ ሆነ የጭፈራው ጨዋታ።»

በሚቀጥለው እሑድ፣ በቁስል ፕላስተር
ሁለት ሁለት ሳንቲም ከነጠላ ጫማዋ ሥር
ለጠፍኩላት። ከወጥ ቤት የመጋገሪያ ትሪ
አምጥቼ ዘረጋሁ። «በይ እስኪ ጀምሪ።»
«ኔስቶር፣ አብደሃል» አለች። አንዳንዶቹ ሳቁ።
ደረጃው ሲመጣ ድምፁን ዘጋሁ፤ ሁሉም ተሳቀቁ።

ጸጥታ።
የብር ቀሚስ ብቻ፣ እንደ ዓሣ፣ ድምፅ የሌላት።
ቬልማ ዓይኗን ገለጠች። ስንት ዓመቷ ነው ካየቻት?
የመጀመሪያው ምት ዘገየ። ሁለተኛው ሳተ።
ሃቨርካምፕ ጣቱን አነሳ፣ ጠበቀ፣ ተመለከተ።
ከዚያ ተረከዟ፣ ሥሩ ያበጠበት፣
ትሪው ላይ አረፈ፣ ያቺ ባረፈችበት
ቅጽበት። ደግሞ ሌላ። ደግሞ ሌላ። ጣ፣ ጣ፣
እጇ የወንበሩን ጎማ ጨብጦ፣ ላብ እስኪወጣ።

ስድስተኛው ላይ እግሯ ሸርተት ሲል አየሁ፤
አሥር ጊዜ አይቼው አሥር ጊዜ ስቻለሁ።
ቬልማ ግን አትስትም። በቀስታ፣ በተረከዝ፣
አንዲቷን ምት ጣለች፣ የሚወድቅ ሰው እንደመያዝ።

ምናልባት ለዚህ ነው፣ ስንት ዘመን አልፎ፣
ይህ የሸራ ውሸት ከስንት እውነት ተርፎ
የቀረው። ምናልባት። እኔ ምን አውቃለሁ፤
ክኒን አዳይ ነኝ፣ አንሶላ እለውጣለሁ።

ፊልሙ አለቀ። ተሳሳሙ። መብራት አበራሁ።
ሳንቲሞቹን ልነቅል ከእግሯ ሥር ተንበረከክሁ።
«ተዋቸው» አለችኝ።
ኦዴታ ከፊት ዘወር አለችና፣
«ከደረጃው ጀምር» አለች፣ «ድምፁ ይጥፋ፣ እንደገና።»

ቬልማ ዝም አለች፤
ትሪውን በእግሯ ጫፍ ትንሽ ወደ ግራ አስተካከለች።